ነው፣ ናት፣ ናቸው

ባለፈው ጥር አንድ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ይቺን ጻፍኩ፦ «ሰገነት ቀለሙ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ»። እዚያ ላይ ቆምኩ። ናት ልበል ወይስ ናቸው?

አትሳቁ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። የምሠራው ግን የጭነት ሰነድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ስመዘግብ እውላለሁ። ታዲያ ማታ ማታ ደግሞ ሰው ልመዝግብ ብዬ፣ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ስለ ሴት ሳይንቲስቶች ትንሽ ትንሽ ለመጻፍ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌ የተፈተነው ገና በመጀመሪያው ግስ ነው።

«ናት» ካልኩ፣ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል የመሩ ሰው እንደ ጎረቤት ልጅ አንቺ ልላቸው ነው። «ናቸው» ካልኩ ክብሩ ይመጣል፣ ሴትነታቸው ግን ይጠፋል። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተመራመሩ፣ ተሸለሙ እያላችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ብትጽፉ፣ ስሙ ካልነገረው በቀር አንባቢው ስለ ወንድ ያንብብ ስለ ሴት አያውቅም። ስም ደግሞ ሁልጊዜ አይናገርም። ሳይንቲስት ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ ቶሎ ድቅን የሚለው ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ነው። አክብሬ እጽፋለሁ ስል ደብቄያቸው ላርፍ ነው።

ዜና ላይም አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ፕሮፌሰሩ «ገለጹ» ይባላል፣ ተመራማሪዋ «ገለጸች»። በዚያው ዜና፣ በሁለት መስመር ልዩነት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም። ዛሬ ማታ ዜና ስታነቡ ግን ልብ በሉ።

ፈረንጅ ሲሆን ችግር የለም። ፈረንጅን አንቺ ለማለት ማንም አይጨነቅም። ስለዚህ ከፈረንጅ ልጀምር። (ዓመቶቹም ከዚህ ወዲያ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ይቅርታ፣ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ እመጣበታለሁ።)

ዶና ስትሪክላንድ ካናዳዊት የፊዚክስ ተመራማሪ ናት። ኦክቶበር 2 ቀን 2018 የኖቤል ሽልማት ማሸነፏ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስሟን በስልኩ ፈለገ። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ የለችም። አብሯት የተሸለመው የቀድሞ መምህሯ ዤራር ሙሩ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የራሱ ገጽ ነበረው። በዚያው ዓመት አንድ ሰው ስለሷ ረቂቅ ጽፎ አቅርቦም ነበር። ረቂቁ ሜይ ላይ ተመለሰ። የቀረቡት ምንጮች የራሷ ገጽ እንደሚገባት አያሳዩም ተብሎ።

የሠራችው ምንድን ነው? የሌዘር ብርሃንን በጣም ኃይለኛ እናድርገው ብለው ሲያጎለብቱት፣ ማጎልበቻውን ራሱን ያቃጥለው ነበር። ስትሪክላንድና ሙሩ በ1985 ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሆነው ዘዴ ዘየዱ። ብርሃኑን መጀመሪያ በጊዜ ይለጥጡታል፣ እንደ ማርዘም። ሲረዝም ይሳሳል። የሳሳውን ያጎለብቱታል፣ ከዚያ መልሰው ያሳጥሩታል። ጠባብ ድልድይ ላይ ሰልፈኛን አንድ በአንድ አሻግሮ ማዶ ላይ እንደገና እንደ መሰብሰብ ነው። ዛሬ በሌዘር የሚደረገው የዓይን ቀዶ ሕክምና ከዚህ ብዙ ተጠቅሟል። ያኔ እሷ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች።

በፊዚክስ ኖቤል ያገኘች ሦስተኛዋ ሴት ናት። ማሪ ኪዩሪ በ1903፣ ማሪያ ጌፐርት ማየር በ1963፣ ከዚያ 55 ዓመት ዝም። ስትሪክላንድ በተሸለመችበት ቀን ሙሉ ፕሮፌሰር እንኳን አልነበረችም። ለምን ሲሏት፣ አመልክቼ አላውቅም አለች።

ረቂቁን የመለሰው ሰው ክፉ ነበር ብዬ አላስብም። የያዘው ሕግ አለ። ስለ አንድ ሰው ገጽ የሚጻፈው ሌሎች፣ ያውም የማይዛመዱት ሰዎች፣ አስቀድመው ስለሱ ጽፈው ከሆነ ነው። ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ መጽሐፍ። ሕጉ ባይኖር ሁላችንም የአጎታችንን ልጅ ሳይንቲስት አድርገን እናድር ነበር። ያኔ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ኃላፊ የነበረችው ካትሪን ማኸርም፣ እኛ የዓለምን አድልዎ እናሳያለን እንጂ አልፈጠርነውም የሚል መልስ ጻፈች።

ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ላይ ግን አልስማማም። መስታወት ዝም ብሎ መስታወት የሚሆነው ሰው ፊቱን አይቶበት ሲሄድ ነው። እዚህ ግን ጋዜጠኛው እንግዳ ሲፈልግ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚያየው። የስብሰባ አዘጋጁም እዚያ ያያል። ያገኘውን ይጋብዛል። የተጋበዘው ይጻፍለታል። የተጻፈለት ደግሞ ምንጭ ይበዛለታል። ወንጌሉ «ላለው ይጨመርለታል» እንደሚለው።

ይህ ጥቅስ ራሱ ሳይንስ ውስጥ ገብቷል። ሮበርት መርተን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1968 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ስም ያለው ሳይንቲስት ከድርሻው በላይ እንደሚመሰገን፣ ስም የሌለው ደግሞ የራሱ ሥራ እንኳን ለባለ ስሙ እንደሚሰጥበት አሳየ። ነገሩንም በማቴዎስ ወንጌል ስም «የማቴዎስ ውጤት» አለው። አሁን ጉዱን ስሙ። ጽሑፉ በአብዛኛው የቆመው ሃሪየት ዙከርማን የተባለች ተመራማሪ ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ባደረገችው ቃለ መጠይቅ ላይ ነበር። ጽሑፉ ላይ ያለው ስም ግን የመርተን ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ እሱ ራሱ፣ በሁለታችን ስም መውጣት ነበረበት ብሎ አመነ። ስም ስለ መነጠቅ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ የሴትየዋ ስም ቀረ! ኋላ ተጋቡ፣ ያ ሌላ ወሬ ነው።

በ1993 ደግሞ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዋ ማርጋሬት ሮሲተር ለሴቶቹ ለብቻ ስም አወጣችለት፣ «የማቲልዳ ውጤት» ብላ። ማቲልዳ ጌጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶች ፈጠራ እንዴት እንደሚነጠቅ የጻፈች አሜሪካዊት ነበረች። እሷም ተረስታ ነበር።

ከስትሪክላንድ ይልቅ እኔን የያዘችኝ ግን ክላሪስ ፌልፕስ ናት። ኖቤል የላትም። የኑክሌር ኬሚስት ናት፣ ቴነሲ ግዛት በሚገኘው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት። በ2010 ይፋ የሆነውን 117ኛውን ንጥረ ነገር ለመፍጠር በርክሊየም የሚባል ሬዲዮአክቲቭ ነገር ያስፈልግ ነበር። በዓለም ላይ የተገኘው 22 ሚሊግራም ነው። አንድ ቁንጥር ጨው እንኳን አይሞላም። ግማሹ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱን በልቶ ያልቃል፣ ስለዚህ ጊዜ የለም። ያንን ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ፣ አጥርቶ ወደ ሩሲያ የላከው የኦክ ሪጅ ቡድን ነው። እሷም ከነዚያ እጆች አንዷ ነበረች።

ገጿ በ2018 ተጻፈ። በ2019 ፌብሩዋሪ፣ ስለሷ በቂ የተጻፈ ነገር የለም ተብሎ ተሰረዘ። ትልቅ ንትርክ ሆነ። በ2020 መጀመሪያ ተመለሰ። በመሃል ያለው አንድ ዓመት ሥራዋን አልለወጠውም። የተለወጠው፣ ስለ መሰረዟ ብዙ መጻፉ ነው።

ገጹን የጻፈችው ጄስ ዌድ ናት፣ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የፊዚክስ ተመራማሪ። ቀን ላቦራቶሪ ትውላለች፣ ማታ ስለ አንድ ሰው ትጽፋለች። በቀን አንድ እያለች ከ2,000 በላይ ገጽ ጽፋለች። ከሷ በፊት ኤሚሊ ቴምፕል-ዉድ የምትባል ተማሪ ነበረች። የስድብ ኢሜይል በደረሳት ቁጥር ስለ አንዲት ሴት ሳይንቲስት አንድ ገጽ ትጽፍ ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የሚሳደብ ሰው ትንሽ ናፈቀኝ። በ2015 ደግሞ ገና ያልተጻፈላቸውን ሴቶች የሚያሳድድ ቡድን ተቋቋመ። ውክፔዲያ ላይ ገጽ የሌለው ስም በቀይ ይጻፋል፣ ሲጻፍለት ሰማያዊ ይሆናል። የነሱ ሥራ ቀዩን ሰማያዊ ማድረግ ነው። ሲጀምሩ በእንግሊዝኛው ካሉት የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ 15 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን ወደ 20 እየተጠጋ ነው። ያን ሁሉ ማታ ሠርተው አምስት በመቶ።

ወደ ቤታችን ልመለስ።

አማርኛው ውክፔዲያ ጠቅላላው 15 ሺህ ገደማ ገጽ ነው። እዚህ ከሚሰረዘው ይልቅ የማይጻፈው ይበዛል። ጻፉ ብትባሉ ደግሞ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው።

ሶስና ኃይሌን ውሰዱ። አዲስ አበባ የተወለዱ፣ ከነዳጅ ሴል (ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው መሣሪያ) በጠጣር አሲድ የሚሠራውን ዓይነት ለዓለም ያስተዋወቁ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰር። ጠጣር አሲድ ስል እንደ ገበታ ጨው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፣ ሲሞቅ ግን ፕሮቶን ያሳልፋል። አባታቸው እኮ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፣ የግዕዙ ሊቅ! በ1975 በወታደሮች ተመትተው የአካል ጉዳት ደርሶባቸው አገር ለቀው፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው የብራና መጻሕፍታችንን አንድ በአንድ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው። እንደኛ ወግ ከሆነ ልጅየዋ ሶስና ጌታቸው ናቸው። ፓስፖርቱ ደግሞ የአያት ስም ይዞ ቀረ። በየትኛው ልጻፍ? አዲስ አበባ ያለች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በየትኛው ትፈልጋለች?

የሰገነትም እንደዚያው ነው። በእንግሊዝኛ «ቀለሙ ኮሎምቢያ ሄደች፣ ቀለሙ ተሸለመች» እየተባለ ይጻፋል። አማርኛ ለሚሰማ ሰው የሚያስቅ ነው። ኮሎምቢያ የሄዱት ልጃቸው ናቸው፣ ስማቸው በየመስመሩ የሚነሳው ግን አባትየው።

ዓመቱም አለ። የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት የወሰዱት በ2014 ነው። ለኛ 2006 ዓ.ም. ነው። አንዱን ያለ ምልክት ከጻፋችሁት ሰውየው ስምንት ዓመት ሳይደርስ ተሸልሞ ቁጭ ይላል።

ዋናው ግን ምንጭ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ስለ ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ነበር። ባዮሎጂስት ናቸው፣ ሃይደልበርግ የተማሩ። በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት። ዩኒቨርሲቲው በኮሌጅነት ከተከፈተ 59 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ድሮ ሬድዮ ላይ የሰማሁትን አንድ ቃለ መጠይቅ በደንብ አስታውሳለሁ ብዬ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት። ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ ምንጭ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ምን ልበል? «ሚኒባስ ውስጥ ሰማሁ»? ራሴ ጽፌ ራሴ አጠፋሁት።

የኛ ሰው ታሪክ የሚነገረው በአፍ ነው። ሬድዮ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ለቅሶ ቤት። ሲነገር ሙሉ ነው። በማግስቱ የለም።

ስለ እንዶድ ያለው ታሪክ ሁሌ ያሳስበኛል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሆነው፣ ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የብልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ትልቅ ምርምር ወጣ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ሆነው አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ። ይገባቸዋል፣ ሙግት የለኝም። እኔ ታሪኩን በሰማሁበት ሁሉ ግን እነዚያ አጣቢዎች «አጣቢዎች» ናቸው። እንዶዱን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ስንት እፍኝ ለስንት ውኃ እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው እዚያ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ነበር። ስም ነበረው። ስም ነበራት ልበል።

እንግዲህ አክስቴ።

አክስቴ አዳማ ነው የምትኖረው። 31 ዓመት የወባ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። የድሮው ማይክሮስኮፕ ባለ አንድ ዓይን ነበር፣ እስከ ዛሬ ፎቶ ስታሳዩዋት ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ባለፈው እሁድ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ስለዚህ ጽሑፍ ነገርኳት። ስለ ፌልፕስ ሳወራላት እጇን አቆመች።

«የምታጠራዋ ናታ» አለች። «እኛም እኮ እንደሷ ነበርን።»

አስረዳችኝ። ደሙ ብርጭቆው ላይ ወፈር ብሎ ይቀባል፣ ሌላው ደግሞ ቀጠን ብሎ። ይደርቃል። ጊምሳ ቀለም ይፈስበታል። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጎ በመቶ ማጉያው መቁጠር ነው። 200 ነጭ የደም ሕዋስ እስኪሞላ ድረስ ስንት የወባ ጥገኛ አየሽ? በአንድ እጅ ነጩን፣ በሌላው ጥገኛውን ይቆጥራሉ። ስልክ ቢጮህ አይነሳም። ስም ቢጠራ አይዞርም። ማታ ቤት ስትመጣ ጣቶቿ ወይን ጠጅ ነበሩ፣ ይህን እኔም አስታውሳለሁ። ልጅ ሆነን እንሶስላ ትሞቂያለሽ ወይ እንላት ነበር።

በሷ ዘመን ከዚያ ላቦራቶሪ የወጣ አንድ ጥናት ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ነበር። ሰንጠረዦቹን በስልኬ አሳየኋት። ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ቁጥሮቹን አየች፣ አየች። እነዚያን ቁጥሮች የቆጠሩት እሷና ጓደኞቿ ናቸው። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር አለች፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖችን እናመሰግናለን የምትል።

«አመስግነውናል እኮ» አለች። ደስ አላት። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

አክስቴ ውክፔዲያ አይገባትም። ይህን በቅን ልብ ነው የምለው። በሕጉ አይገባትም፣ እኔም ሕጉ ይነሳ አልልም። ግን ያቺ መስመር ላይ አራት ስም ለመጻፍ ስንት ቀለም ያልቅ ነበር? ጥናቱን የጻፉት ሰዎች ስሞቹን ያውቁ ነበር። አብረው ቡና ጠጥተዋል። ሁላችንም መጨረሻ ላይ ያለውን መዝገብ እንወቅሳለን። ስሙ የሚወድቀው ግን ገና ድሮ፣ እንዲህ ያለ መስመር ላይ ነው። አንድ ሰው «ቴክኒሻኖች» ብሎ ነጥቡን ያስቀመጠ ዕለት።

ስለዚህ ገጹን ለጊዜው ተውኩት። ቃለ መጠይቅ ጀምሬያለሁ። በስልኬ እቀዳለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ስም ከነአባቱ፣ የሥራ ቦታ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር። የሚያትመው ጋዜጣ ይገኝ አይገኝ አላውቅም። ለማንኛውም እዚህ እለጥፈዋለሁ።

የሰገነትን ገጽ እንዴት እንደጨረስኩት አልነገርኳችሁም። አክስቴን ነው የጠየቅኋት። ናት ልበል ናቸው?

«ማን ናቸው እሳቸው?»

ከፍኖተ ሰላም ተነስተው፣ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውን ነገርኳት። ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ ኮሎምቢያ። ብራኪያሪያ የሚባል የከብት መኖ ሣር ውስጥ ሳይጎዱት አብረውት የሚኖሩ ረቂቅ ፈንገሶች ላይ መመራመራቸውን። ሣሩ መጀመሪያም የአፍሪካ መሆኑን፣ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ ከብሮ አሁን ወደዚህ እየተመለሰ መሆኑን። ከዚያ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 መምራታቸውን፣ በታሪኩ የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ሆነው።

አሰበች። «መጀመሪያ ላይ ሴት ናቸው በያ። ከዚያ ወዲያ አንቱ እያልሽ ቀጥዪ። ምን ያስቸግራል?»

እንዲያ አደረግኩ። «ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት ናቸው» ይላል አሁን። ሰዋስው የሚያጠብቅ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

ከዚያ ያቺ መስመር ላይ ሊኖሩ ይገባ የነበሩትን ስሞች ጠየቅኋት። የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች። የራሷን መጨረሻ ላይ። ሦስቱ ከነአባታቸው ተጻፉ። አንዷ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ስንት ዓመት አብረን ቆጥረን... የአባቷን ስም!» ግንባሯን መታች። ምስሩን ከጭኗ ላይ አንስታ ስልኳን ፈለገች። «ቆይ፣ እህቷ ሞጆ አለች። እሷ ጋ ልደውል።»

ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይጠራል።